ከበሽተኛው ፊት የሚጠጣው ሐኪም

ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ፣ በሩንም ገርበብ አድርጉት፤ ነፋሱ ቃሌን እንዳይወስድብኝ።

አንድ አገር ነበረ። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ ሄጄበት አላውቅም፤ የነገሩኝም ሰዎች አቅጣጫውን ሲጠቁሙ እጃቸው አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። ወንዝ አለው፣ ቆላ አለው፣ ክረምት ሲወጣ የሚነሣ ንዳድ አለው። ንዳድ የሌለበት ቆላ የት አለና። እንግዲህ ከዚያ እንነሣ።

በዚያ አገር ድሮ ሐኪሙ በሽተኛውን ያያል፣ ይዳስሳል፣ ያዋጣል ያለውን መድኃኒት ቀምሞ ይሰጣል። በሽተኛውም ይድናል፤ ካልዳነም ሐኪሙ ለቅሶ ይደርሳል። በቃ ነገሩ ይኸው ነበር። በኋላ ግን ከወንዙ ማዶ ጠማቂዎች መጡ። ጥዑም የሚባል መድኃኒት ይጠምቃሉ። ቀለሙ የፀሐይ መግቢያ ይመስላል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ማር ማር ይላል። ራስ ላመመው ጥዑም፣ ሆድ ለቆረጠው ጥዑም፣ ወገብ ለያዘው ጥዑም። ክፉ ነው አልልም፣ ለራስ ምታቱ ደህና ነው ይላሉ። ንዳድ ለያዘው ሰው ግን ግንባሩን ያበርድለታል፣ ያም እስከ ማታ ነው። ማታ ንዳዱ ካቆመበት ይቀጥላል።

የአገሩን ጤና የሚጠብቀው የጤና አዳራሽ የሚባል ትልቅ ቤት ነው። አዳራሹና የጠማቂዎቹ ቤት በፊት አጥር ለአጥር ነበሩ። አጥሩ አርጅቶ ሲወድቅ ማን ያድሰው በሚል ተከራከሩ፤ ክርክሩ ሲረዝም ጊዜ አጥሩ ይቅር ተባለና ቀረ። ከዚያ ወዲያ በአንዱ በር የገባ ሰው በሌላው በር ይወጣል። ማን ቤት ገብቶ ማን ቤት እንደወጣ ግን መናገር አይችልም።

አንድ ቀን ከአዳራሹ አዋጅ ወጣ። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ነው። «ለሕዝባችን ደህንነት ስንል፣ ማንኛውም ሐኪም መድኃኒት ሲሰጥ ያንኑ መድኃኒት፣ በዚያው ልክ፣ በበሽተኛው ፊት ቀድሞ ይጠጣ። ጥዑም ግን በአዳራሹ የተፈተነ ስለሆነ የሚሰጠው ሐኪም መጠጣት አያስፈልገውም።» ይኸው ነው። ሌላ መድኃኒት አትስጡ የሚል ቃል የለበትም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሐኪም የማይጠጣውን እኛ ለምን እንጠጣ አለ። እናንተ ብትሆኑ አታጨበጭቡም? እኔ አጨበጭብ ነበር።

ለየሐኪሙም አንድ አስቀማሽ ተመደበለት። የአስቀማሽ ሥራ ዋንጫ ይዞ መዋል ነው። ሐኪሙ ጥዑም ሲሰጥ ጥግ ላይ ያንቀላፋል። ሌላ ሲሰጥ ተነሥቶ ይቀዳል፣ ሐኪሙ ጨልጦ እስኪጨርስ ያያል፣ ዋንጫውን ገልብጦ ያራግፋል። ዓመት ሲዞር ዋንጫው ስንቴ እንደረጠበ ለአዳራሹ ይናገራል። ዋንጫው ደርቆ የከረመለት ሐኪም ቀይ ጥላ ይሸለማል። ጥላውን የሚያሠሩት ጠማቂዎቹ ናቸው፤ የሚሰጠው አዳራሹ ነው። ቀይ ጥላ ያገኙ ሐኪሞች ቤት ውስጥም ዘርግተው ይቀመጡ ነበር አሉ።

በቆላው ዳር በምትገኝ አንዲት መንደር መንበሩ የሚባል ሐኪም ነበረ። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያነጋግር ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ልጅ የለውም። ሚስቱ አንጓች ትባላለች፤ እሷ ደግሞ ዝግ አትልም። መንደሩ ከሱ ሌላ ሐኪም አያውቅም።

መንበሩ አዋጁን ሲሰማ፣ «ጥሩ፣ እጠጣለሁ» አለ። ምን ያድርግ፣ ለትሉ ኮሶውን፣ ለሳሉ ቅጠሉን፣ ለንዳዱ መራራውን ሥር መስጠት እንጂ ሌላ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። የሆድ ትል የያዘው ሲመጣ መንበሩም አብሮ ኮሶ ይጠጣል፣ አብረው ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። እንቅልፍ ያጡ ሽማግሌ መጥተው የሚያስተኛውን ከጠጣ በኋላ፣ ሆድ የደረቀበት ሰው ይመጣና የሚያስቀምጠውን ይደግማል። ያን ቀን ተኝቶ ይሩጥ ወይስ እየሮጠ ይተኛ ግራ ገብቶት አጥሩን ይዞ ቆሞ ዋለ።

አንዲት አራስ ደግሞ ጡቷ ነጥፎባት መጣች። መንበሩ የወተት ማውረጃውን ቅጠል ቀመመ። አስቀማሹ ተነሣ። ይህ አስቀማሽ ደባልቄ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ትሕትናው ሰው ያሳፍራል።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ይቅርታዎን» ብሎ ዋንጫውን አቀረበለት።

መንበሩ ጢሙን ወደ ጎን ሰብስቦ ጠጣ። በሩ ላይ ሰሌን እየሠራች የተቀመጠችው ዘርፌ ናት፣ የአንጓች አብሮ አደግ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ መርፌ የሆነ ሴት።

«አያ መንበሩ» አለችው፣ «ሲያግትልህ እኔን አትርሳኝ። ጥጃዬ እናቷ ሞታባታለች።»

አራሷ ጡቷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ደባልቄም ዋንጫውን እያራገፈ ሳቀ። መንበሩ ግን ማታ ደረቱን ሲዳስስ አንጓች አየችው።

«ምን ትነካካለህ?» አለችው።

«እንዲያው ከመጣ ብዬ ነው።»

ይኸው፣ በዚህ ሳቅ ነው የጀመረው።

ሥሩ ግን አያስቅም። መራራው ሥር ንዳድ የያዘው ሰው ከጠጣው ንዳዱን ይነቅላል። ጤነኛ ሰው ሲጠጣው ግን የሚጣላው ነገር ያጣና ከሰውየው ከራሱ ጋር ይጣላል። ጆሮ ውስጥ ይጮኻል፣ ዓይን ላይ ጉም ይጥላል፣ እጅ ያደነዝዛል። ክረምት ወጥቶ ንዳድ ሲነሣ፣ መንደርተኛው አንድ በአንድ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ፣ መንበሩ ከእያንዳንዱ ጋር ጠጣ። እነሱ ድነው ሄዱ። የእነሱ ንዳድ ያልወሰደው መራራ ሁሉ እሱ ዘንድ ቀረ።

ያን ዓመት ከጆሮው ውስጥ ደወል አልወጣም። ማንም ሳይጠራው አቤት ይላል፤ ሲጠሩት ዝም ይላል። አንድ ቀን በሬ ገብቶ ደጁ ላይ ቢቆም «ግቡ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎ» ብሎ አክብሮ ጠየቀው። ደባልቄ አልሳቀም። ዋንጫውን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ለምን ጥዑም አይሰጧቸውም?» አለው። «እኔ አላስገድድዎም። እንዲያው ሳይዎት ያሳዝኑኛል።»

«ጥዑም ንዳድ አይነቅልማ።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለ ደባልቄ፣ ዋንጫውንም ሞላው።

አንጓች ይህንን ስታይ ከረመችና አንድ ጠዋት፣ «የሚቀጥለውን ክረምት አትሻገረውም» አለችው። «ወይ አዳራሽ ሄደህ ንገራቸው፣ ወይ ከአሁኑ መቃብርህን ልቆፍር።»

ሄደ። አዳራሹ ሲደርስ ደስ የሚል ቤት ነው። ወለሉ በሰሌን ተነጥፏል፣ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ነጭ ካባ የለበሱ ሰዎች በአንድ ረጅም ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል። መንበሩ መሃል ለተቀመጠው ወፍራም ሰው መሬት ስሞ እጅ ነሣ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ወፍራሙ። «እኔ ጠማቂ ነኝ። አለቃው እሳቸው ናቸው።»

መንበሩ አጠገቡ ላለው ቀጭን ሰው እጅ ነሣ።

«ተነሥ፣ ተነሥ» አለ ቀጭኑ። «አምና እሳቸው አለቃ ነበሩ፣ እኔ ጠማቂ ነበርኩ። ዘንድሮ ተቀያየርን። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያውቅ ነው። ምን ልርዳህ?»

«ጌታዬ፣ መራራውን ሥር ሳልጠጣ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ ብዬ ነው። ጆሮዬ ሊጠፋ ነው።»

«መስጠትህን ማን ከለከለህ?»

«ማንም።»

«አዋጁ ላይ ሥር አትስጡ የሚል ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲህ ስጥ። እኛ ሥሩን እናከብረዋለን። አያቶቻችን የዳኑበት ነው።»

የመንበሩ ልብ ቀለል አለው። «ሳልጠጣ ማለት ነው?» አለ።

«ሳትጠጣማ ጥፋት ነው።»

«ከጠጣሁ እኮ እሞታለሁ።»

«አትሙት እንጂ» አለ አለቃው፣ ከልቡ አዝኖ። «አዳራሹ ሐኪሞቹን ይወዳል። የሚሻለውን አንተ ታውቃለህ። እኛ በሐኪም እጅ ውስጥ እጃችንን አናስገባም።»

መንበሩ ወደ ወፍራሙ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ቀጭኑ ተመለሰ። ደወሉ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ከመካከላቸው የቱ እንደተናገረው አልለይ አለው።

«ጥዑምን ታዲያ ማን ጠጥቶ ፈተነው?»

«ተፈትኗል።»

«ማን ጠጣው?»

«መፈተን ማለት መጠጣት ማለት አይደለም» አለ ከሁለቱ አንዱ። «መጠጣት ለሚጠራጠር ነው። እኛ አልተጠራጠርንም።»

ከዚያ ምሳ አበሉት። ከሩቅ መጥቷል ብለው በቅሎ አስጫኑለት፣ እስከ በሩም ሸኙት። በጣም ስላከበሩት እሱም አጥብቆ አመሰገናቸው። ወንዙ መሻገሪያ ላይ በቅሎዋ ውሃ ስትጠጣ ነው ቆም ብሎ ያሰበው። እሺ ተባልኩ ወይስ እምቢ? መልሶ መልሶ ቃሉን ቢያስታውስ እምቢ ያለው ሰው የለም። እሺ ያለውም የለም።

አንጓች ደጅ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«ማንም አልከለከለህም አሉኝ።»

«ተፈቅዶልሃል አሉህ በለኛ።»

«እሱን አላሉኝም።»

«ታዲያ ትጠጣለህ አትጠጣም?»

«የሚሻለውን አንተ ታውቃለህ ነው ያሉት። እኔ ደግሞ አላውቅም፣ አንጓች። እዚያ እያለሁ ሁሉም ነገር ልክ ይመስል ነበር።»

አንጓች ምንም አላለችም። እሷ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱ ወጣ። ውሃው ረግረግ ላይ ተኛ፣ ትንኙ ተነሣ። መንበሩ ሥሩን ነቅሎ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በሞት ቀጠሮ ላይ እንዳለ ሰው ተቀምጦ ጠበቀ። የመጀመሪያው ሰው መጣ።

«ምንህን ነው?»

«እንዲያው ትንሽ ደክሞኝ ነው፣ አያ። ጥዑም ቢኖር።»

ሁለተኛዋ መጣች። «ራሴን ወጋ ያደርገኛል፣ ሌላ የለኝም። ጥዑም ይበቃኛል።»

ሦስተኛውም፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። አንዱ ሆዱን አቅለሽልሾታል፣ አንዷን ጥማት ብቻ ነው የያዛት። ንዳድ የሚል ሰው ጠፋ። መንበሩ ጥዑሙን እየቀዳ ይሰጣል፣ ደባልቄ ጥግ ላይ ያንቀላፋል፣ ዋንጫው ምስማር ላይ ደርቆ ተሰቅሏል።

መንበሩ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ገርበብ ያለ ነበር። ትንኙ አለ፣ ረግረጉ አለ፣ ንዳዱ የት ሄደ? ደግሞ የመንደሩ ሰው እየሳሳ የሄደ መሰለው።

«አንጓች፣ ሸማኔው ባልቻ ሰሞኑን አይታይም።»

«ልጁ ዘንድ ሄዷል።»

«የላይኛዋ ሙሉቀንስ?»

«እሷም ልጇ ዘንድ ሄዳለች።»

«ሙሉቀን እኮ መካን ናት።»

«የእህቷ ልጅ ዘንድ» አለች አንጓች፣ ፊቷን ሳታዞር።

እንግዲህ እናንተ እወቁት፣ መንበሩ ነው ያላወቀው። አንጓች ጠዋት ጠዋት አጥሩ ማዶ ትቆማለች። ለሚመጣው ሁሉ፣ «ንዳድ ነው ካልከው ሥሩን ይሰጥሃል፤ ከሰጠህ ይጠጣል፤ ከጠጣ ይሞትብኛል። ፈራጁ አንተ ነህ» ትላለች። ሰዉ ምን ይበል? መንበሩ ያላዋለደው፣ ያልዳሰሰው የለም። አምና አብሯቸው መራራ ጠጥቶ ያዳናቸው ናቸው። እያንዳንዱ በልቡ፣ እኔ አንድ ሰው ብቻዬን ብታገሠው ምን አለበት፣ ደግሞ ጥዑሙም መድኃኒት ነው፣ አዳራሹ ፈትኖታል ይላል። ገብቶ ደክሞኝ ነው ይላል። የሞተባቸውም ሬሳውን ወንዝ አሻግረው፣ ደረት ሳይመቱ፣ ሙሾ ሳያወርዱ ይቀብራሉ። የመንበሩ ጆሮ ቢደክምም ለቅሶ አያመልጠውማ። ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ በምን ሞተ ይላል።

አያችሁ? ማንም ማንንም አላስገደደም። እኔ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቼው አንድ ክፉ ሰው ላወጣበት ብፈልግ አቃተኝ።

አንድ ከሰዓት ዘርፌ ገባች። ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራለች፣ እየሣቀች ነው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው?» አላት።

«ምንም። እዚህ ቤት ስመጣ አንዴም ጥዑም ቀምሼ አላውቅ። ሰው ሁሉ እየላሰ እኔ ምን በደልኩ ብዬ ነው።»

«ያምሻል?»

«ጥማት አለኝ። ምላሴ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ብዙ ስለሚሠራ ይደርቃል።»

መንበሩ ሣቀና እጇን ያዘ።  እጇ ይፋጃል። ወይስ የሱ እጅ ነው የቀዘቀዘው? አምና በሥሩ ከደነዘዘ ወዲህ እጁን አያምነውም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮት ቀዝቃዛ ነው ያለበት ጊዜ አለ። እጇን ለቆ የራሱን ጉንጭ ዳሰሰ፣ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ መልሶ እጇን ያዘ።

«አንጓች፣ ነይ እስኪ። እጇን ያዥልኝ።»

አንጓች መጣች። የአብሮ አደጓን እጅ ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች አንጓች።

«እውነትሽን?»

«ቀዝቃዛ ነው አልኩህ።»

ዘርፌም፣ «የጉድጓድ ውሃ በለው» አለች። ይህን ስትል ጥርሷ ተንገጫገጨ። አፏን በነጠላዋ አፈነች፤ ጥርሷ ግን አላቆመም። ትከሻዋ ተከተለ፣ ጉልበቷ ተከተለ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደባልቄ ከእንቅልፉ ነቃ።

መንበሩ ሚስቱን አያት። «አንጓች። ምንድነው የምታደርጊው?»

«አንተን ነዋ የማቆየው» አለች። «ሌላ ምን አለኝ?»

«ይቺ እኮ ዘርፌ ናት።»

«ማን እንደሆነች አጣኋት? አብረን አይደለም ያደግነው? ነይ ብዬ አልለመንኳትም፣ ራሷ ነች እሺ ያለችኝ።»

ዘርፌ ከመሬቱ ላይ እየተንቀጠቀጠች፣ «አትጨቅጭቃት» አለች። «እኔ ማን አለኝ? ጥጃዋም አድጋለች። አንተ ብትሞት መንደሩን ማን ያዋልዳል? ጥዑሙን ስጠኝና ልሂድ። ምናልባት ለኔ ይሠራ ይሆናል፣ ጣፋጭ ነገር አይቼ አላውቅም።»

መንበሩ ሁለቱን ያያል። ልቡ ውስጥ ሁሉም ነገር ተገላብጦበታል። የሚወዱት ሰዎች ሊገድሉት ነው ወይስ ሊያድኑት? ካልጠጣ ይቺ ትሞታለች፤ ከጠጣ ያቺ ብቻዋን ትቀራለች። ኋላ የሚመጣውንም ማን ያያል? እንደ አዳራሹ ቀን ነው፤ ሁሉም የተናገረው ልክ ይመስላል።

ስለዚህ አላሰበም። ተነሥቶ ሥሩን በጠበጠ፣ አንድ ሙሉ ለሷ፣ አንድ ሙሉ ለሱ።

«ደባልቄ፣ ዋንጫውን አምጣ።»

ደባልቄ አልተነሣም። «ጋሼ» አለ፣ «እኔ ተኝቼ ነበር። ተኝቼ ነበር እላለሁ። እሷ ትጠጣ፣ እርስዎ ይተዉት።»

«ያ ጥፋት ነው ብለውኛል። ካወቁ ደግሞ እኔን ይሽሩኛል፣ አንተንም ያስሩሃል። ከኔ በኋላ ለዚህ መንደር የሚልኩት ባለ ቀይ ጥላ ነው። ቅዳ።»

ደባልቄ ቀዳ። አንጓች ምሰሶውን አቀፈች። መንበሩ ጢሙን ወደ ጎን ሰብስቦ ጠጣ፤ ከዚያ የዘርፌን ራስ ደግፎ አጠጣት። እሷ ፊቷን አጨማዳ፣ «ይሄን ነው ስንት ዘመን የጠጣኸው?» አለችው። እሱ የምትለውን ለመለየት ከንፈሯን ያይ ነበር። ደወሉ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ አንድ ሰው እጁን እንዳስቀመጠበት ደወል ዝም አለ። ደወሉ ሲሄድ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይዞት ሄደ።

አልሞተም። ንዳዱም ዘርፌን ለቀቃት። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ አይሰማም። ዓይኑም ከሩቅ ያለውን አያጠራለትም። ስለ ሌሎቹ ማንም አልነገረው። የዘርፌን ብቻ ነው ያወቀው።

አሁን እንግዲህ ስሙኝ፣ የጨረስኩ እንዳይመስላችሁ።

ዓመቱ ሲዞር ደባልቄ አዳራሽ ተጠርቶ ሄደ። ዋንጫው በሥሩ ስንቴ ረጠበ ተባለ። አንዴ አለ። አምና በዚያ መንደር ዋንጫው አይደርቅም ነበር፤ ዘንድሮ አንዴ ብቻ። አለቃውና ጠማቂው ተያዩ። ንዳድ ከመንደሩ ጠፋ ማለት ነው። ምን አጠፋው? ጥዑም ነዋ፤ ጥዑም እኮ ነው ሲጠጡ የከረሙት። ደባልቄ አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን አላወቀም፣ መልሶ ዘጋው።

እንዲህ ሆኖ አዳራሹ በሙሉ ከነከበሮው ወደ መንደሩ ወረደ። ንዳድ የጠፋበት መንደር ይከበር ተባለ። ባለ ቀይ ጥላ ሐኪሞች ከየአገሩ ተሰበሰቡ፣ ጠማቂዎቹ በነጭ ካባ፣ የአዳራሹ ሰዎችም በነጭ ካባ። መንደርተኛውን ከያለበት አውጥተው ሜዳ ላይ አቆሙት። ከበሮው ይመታል። አለቃው ቆሞ ይናገራል፦ ይህ ሕዝብ ምስክር ነው ይላል፣ በዚህ መንደር ዘንድሮ በንዳድ ያለቀሰ እናት የለችም ይላል። እሱስ እውነቱን ነው፤ ማንም አላለቀሰም።

ሰዉ ራሱን ደፍቶ ይሰማል። ቀና ብሎ የሚያይ አንድ ሰው የለም። እርስ በርሱም አይተያይም።

መንበሩን ክብር ሊሰጡት አንጓች እጁን ይዛ አመጣችው። ምን እንደሆነ ሊነግሩት ቢሞክሩ አልገባውም። ሜዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጉሙ ውስጥ የሚታየው ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፣ ነጠላውን ተከናንቧል፣ አንገቱን ደፍቷል። አንዱ ከበሮ ላይ ጎንበስ ብሎ ይመታል። አንድ የከበረ ሰው መሃል ቆሞ እጁን እያነሣ ይናገራል። መንበሩ ወዲያው ነጠላውን አወረደና አደገደገ። ፊቱ ጠቆረ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንምና፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማው፣

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

አለቃው ንግግሩን አቆመ። ከበሮ መቺውም እጁ አየር ላይ ቀረ።

መንበሩ ወደ ሰዉ ገባ፤ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ዝቅ ብሎ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ። «ምነው ሳትነግሩኝ? ማን ነው?»

 የእያንዳንዱን አፍ ያያል፣ መልስ ይጠብቃል። ዘርፌ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ፊቱ ቆመች፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች።

«ባልቻ» አለች። «በንዳድ።»

ከኋላዋ ያለችው ቀና አለች። «ሙሉቀን እህቴ። በንዳድ።»

አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። «ሁለቱ ልጆቼ» አሉ። «ሁለቱም በንዳድ።»

ከዚያ ወዲያ ማን እንደቀደመ አይታወቅም። ወንዝ ማዶ ዝም ተብሎ የተቀበረው ሁሉ ስሙ ተጠራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ደረት ተመታ፣ ሲታፈን የከረመው ሙሾ ወጣ። ባለ ቀይ ጥላዎቹ ጥላቸውን አጠፉ፤ ለምን እንዳጠፉት ግን አያውቁም። ወፍራሙ ቀጭኑን፣ «ምንድነው የሚሉት?» ይለዋል። ቀጭኑም፣ «አንተ አይደለህም አለቃው?» ይለዋል። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ቆይቶ፣ እጁ ሳያውቀው ለቅሶውን እየተከተለ ይመታ ጀመር።

መንበሩ መሃል ቆሟል። አንድም ድምፅ አልሰማም። ግን አፋቸውን ያያል። እየመጡ ፊቱ ይቆማሉ፣ መጀመሪያ አንድ ስም ይላሉ፤ እሱ በየአፉ ይለያያል። ከስሙ በኋላ የምትመጣዋ ቃል ግን በልጁም፣ በሽማግሌውም፣ በሴቷም ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ ከበሽተኛ አፍ ሲቀበል የኖራት ቃል ናትና፣ ሳይሰማ አወቃት።

ወደ አንጓች ዞረ። አንጓች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

ምን እንዳላት የነገረኝ ሰው የለም። ይህን ያህል ብቻ ነው የማውቀው፦ እጆቿን ከፊቷ ላይ አነሣ፣ መሬት ላይ አስቀመጣት፣ አጠገቧም ተቀመጠ። ሰዉም እየመጣ ሁለቱን ከቦ ተቀመጠ። እኔም ነገሩን ከዚህ ወዲያ አልወስደውም፤ የነገሩኝም እዚህ ላይ ነው ዝም ያሉት።